ጉራቻ የተባለችበት ምክንያት

ኑሀ ሐረር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ተማሪዎቿ የአማዞን ወንዝ የት ተነስቶ የት እንደሚገባ ይነግሯታል፤ ሐኪም ከሚባለው ጋራ ጀርባ ስላለው የገጠር ወረዳ ስትጠይቃቸው ግን እርስ በርስ ይተያያሉ። የዚያ ወረዳ ሰው በየቀኑ ሸዋ በር ገበያ መጥቶ ሽንኩርትና ድንች ይሸጥላቸዋል። ከየት ተነስቶ እንደሚመጣ፣ ከተሞቹ ማን እንደሚባሉ፣ ማን እንደቆረቆራቸው አንዳቸውም አያውቁም። ይህ ነገር ሲከነክናት ኖሯል። ስለዚህ አቶ እንደሻው የሚባል ሰው ፈረስ መጋላ ወዳለው ቢሮው አስጠርቶ ስለ ወረዳው ታሪክና መልክዓ ምድር መጽሐፍ እንድታዘጋጅ ሲጠይቃት፣ ለማሰብ ጊዜ እንኳ አልጠየቀችም።

«ለትምህርት ቤቶች በነጻ የሚታደል ነው» አላት። «ከተሞቹ እንዴት ተመሠረቱ፣ ስማቸው ከየት መጣ፣ ተራራው፣ አፈሩ፣ ወንዙ፣ ምንጩ፣ ሁሉም ይግባበት።»

«ድርጅታችሁ ምን ላይ ነው የሚሠራው?»

«ልማት ላይ» አለ እየሳቀ። ከመሳቢያው በእጅ የምትያዝ አነስተኛ መሣሪያ አውጥቶ ሰጣት። ቁልፏን ሲጫኗት የቆሙበትን ቦታ ትመዘግባለች። «ምንጭ ባገኙ ቁጥር እዚያው ቆመው ይጫኗት። ካርታው ትክክል እንዲሆን ነው።»

ኑሀ መሣሪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ካርታ ትክክል እንዲሆን የሚጨነቅ ሰው ማግኘቷ ደስ አሰኛት።

ሥራውን በሁለቱ ትላልቅ ከተሞች ጀመረች። ኡላ ዲማ አስፋልቱ ዳር ናት። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ስለ ከተማቸው አመጣጥ ሊነግሯት ሲሞክሩ ተጣሉ። አንዱ በጣሊያን ጊዜ የመንገድ ሠራተኞች ሰፈር ነበረች አለ። ሌላው ጣሊያን ሲመጣ አባቶቻችን ኖረውባት አርጅተው ነበር ብሎ ጮኸበት። ሰኞ ገበያ በምትባለው ከተማ ደግሞ ገበያው መጀመሪያ ማክሰኞ ነበር የሚል ሰው ተነስቶ ሁሉንም አናደደ። ኑሀ በሁለቱም ቦታ እየሳቀች ሁሉንም ጻፈች። ታሪክ የሚጠይቅ ሰው እንዲህ ዓይነት ጭቅጭቅ ነው የሚፈልገው።

ሦስተኛዋ ጉራቻ ነበረች።

ጉራቻ የምትወስዳት ዋፊቃ ናት። ዋፊቃ ሸዋ በር መሬት ላይ ጆንያ ዘርግታ አትክልት የምትሸጥ፣ የኑሀ የቆየች ደንበኛ ነበረች። አገሯ ጉራቻ መሆኑን ኑሀ የሰማችው በአጋጣሚ ነው። ውሰጂኝ ስትላት ዋፊቃ ሽንኩርቱን መምረጥ ትታ ቀና አለች።

«ምን ልትሠሪ?»

«ስለ አገራችሁ መጽሐፍ ልጽፍ።»

«ስለ እኛ ምን የሚጻፍ አለ?» አለች ዋፊቃ። ግን እምቢ አላለችም።

ወቅቱ የበጋው ማብቂያ ነበር። ሚኒባሱ ኡላ ዲማ አወረዳቸውና በባጃጅ ዳገቱን ወጡ። ግራና ቀኙ ደርቋል። የማሽላው አገዳ ተቆርጦ ጉቶው ቀርቷል፤ ጫቱ ቅጠሉን አጥቷል፤ ከብቶቹ የወንዙን አሸዋ በአፍንጫቸው ይገፋሉ። ባጃጁ የመጨረሻውን ኩርባ ዞሮ ጉራቻ ሲገባ ግን ከቤቶቹ ኋላ የሽንኩርት መደብ አረንጓዴ ሆኖ ታያት። ኑሀ ወደ ዋፊቃ ዞረች። ዋፊቃ መንገዱን እያየች ነበር።

ከመስጊዱ አጠገብ ዋርካ ሥር ሐጂ ዓብዱላሂ ተቀምጠው አገኙዋቸው። ከዓይናቸው በቀር ሁሉ ነገራቸው ያረጀ፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ኑሀ ሰላምታ ሰጥታ የመጣችበትን ነገረቻቸውና ከሁሉ በፊት ስለ ስሙ ጠየቀቻቸው።

«ጉራቻ ማለት በኛ ቋንቋ ጥቁር ማለት ነው» አሉ። «አፈራችን ጥቁር ስለሆነ ጉራቻ ተባለች።»

ጻፈች። ከዚያ ሐዋ የሚባሉ አሮጊት ቤት ገባች። አሮጊቷ ከቡና ገለፈት የሚፈላውን ሆጃ በወተት ቀድተውላት፣ ሳትጠይቃቸው፣ «አፈራችን ጥቁር ስለሆነ ጉራቻ ተባለች» አሏት። የሱቁ ባለቤት ሸቀጡን እየደረደረ ያንኑ ነገር በዚያው አነጋገር ነገራት። የተከራከረ ሰው የለም፤ አንድ ቃል የጨመረ የለም፤ የቀነሰም የለም።

ኑሀ ከሱቁ ወጥታ ጫማዋን አየች። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ በአቧራ ተሸፍኗል። አቧራው ቀይ ነው። የግድግዳው ጭቃ ቀይ ነው። የታረሰው ማሳ እንደ በርበሬ ቀልቷል። አፈር ዓይቶ መለየት ሥራዋ ነውና፣ ከዳገቱ ጀምሮ እስከ ጉራቻ አንድ እፍኝ ጥቁር አፈር እንዳላየች እርግጠኛ ነበረች።

ወደ ዋርካው ተመለሰች።

«ሐጂ፣ እዚህ አካባቢ ምንጭ አለ?»

«የለም።»

«ውሃ ከየት ነው የምትቀዱት?»

«ከሩቅ።»

«ከየት?»

«ከሩቅ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።» ሐጂ ዓብዱላሂ ጥርሳቸውን በመፋቂያ እየፋቁ ቆይተው፣ «አንቺስ?» አሉ። «የጁገል፣ የግንቡ ውስጥ ልጅ ትመስያለሽ። የማን ነሽ?»

«እናቴ ጃሚላ ትባላለች። የአው ሙሜ ልጅ።»

የመፋቂያው ድምፅ ቆመ። ከሽማግሌው ጎን የተቀመጡት ሰዎች ወሬያቸውን አቋረጡ። ዋፊቃ ነጠላዋን አስተካክላ አንድ እርምጃ ከኑሀ ራቅ አለች።

«አው ሙሜን አውቃቸዋለሁ» አሉ ሐጂ። «ከዚህ ዋርካ እስከዚያ ገደል ያለው መሬት የሳቸው ነበር። አባቴ ነው ያርስላቸው የነበረ። ደርግ መሬት ላራሹ ብሎ ሲያውጅ ለኛ ደረሰ። ይሄንን ሳታውቂ ነው የመጣሽው?»

ኑሀ ቤተሰቡ ድሮ ከግንቡ ውጪ የሆነ ቦታ መሬት እንደነበረው ሰምታለች። የት እንደሆነ ግን ማንም ነግሯት አያውቅም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም።

«ወላሂ አላወቅሁም» አለች። «መሬት ፈልጌ አይደለም የመጣሁት።»

«ኢንሻአላህ» አሉ ሐጂ ዓብዱላሂ። አነጋገራቸው አምነዋት ይሁን አይሁን አይለይም። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልነገራትም።

ሐረር ስትመለስ እናቷ ጃሚላ ግቢው ውስጥ ባዶ ጀሪካኖች አሰልፋ ቧንቧውን ከፍታ ትጠብቅ ነበር። ቧንቧው አየር ይተፋል እንጂ ውሃ ከመጣበት ሰነባብቷል። ኑሀ እናቷን አረፍ አድርጋ የሆነውን ነገረቻት።

ጃሚላ ቧንቧውን ዘጋች። «ጉራቻ ብቻ አይደለም ስሟ» አለች። «ቡርቃ ጉራቻ ነው። አባቴ በበቅሎ ይወስደን ነበር። ውሃው ከጥቁር አለት ሥር ነው የሚወጣው። ድንጋዩ ስለሚጠቁር ውሃው ራሱ ጥቁር ይመስላል፤ በእጅሽ ስትጨልፊው ግን እንደ መስታወት ነው። አቦ፣ እንዴት ያለ ውሃ መሰለሽ!»

ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት መሆኑን ኑሀ ታውቃለች። አንድ መንደር ተስማምቶ የገዛ ስሙን ግማሽ ጥሎታል።

«ደርቆ ይሆናላ» አለች።

«ከደረቀ ደረቀ አይሉሽም ነበር?» ጃሚላ ወደ ቧንቧው ጠቆመች። «እኛ እዚህ እንዲህ እየሆንን እነሱ ውሃ ይደብቃሉ። ጻፊው። የአያትሽ ውሃ ነው።»

«የማንም አያት ውሃ አይደለም፣ እማ።»

«ቢሆንም ጻፊው!»

ኑሀ ያን ሳምንት እያስተማረች ሐሳቧ ጉራቻ ነበር። መዋሸታቸው አናደዳት። ከዚያም በላይ የውሸቱ አዘገጃጀት አሳሰባት። አሮጊትና ባለ ሱቅ፣ ሐጂና ገበሬ አንድ ዓረፍተ ነገር በቃላቸው ያጠኑት ማንን ፈርተው ነው? ዋፊቃስ? ያን ሁሉ ጊዜ በፈገግታ ሽንኩርት እየመረጠችላት፣ አገርሽ የት ነው ስትባል ወሬ የምትለውጠው ለዚህ ነበር?

የገበያ ቀን ባልሆነ ዕለት፣ ለማንም ሳትናገር፣ ብቻዋን ሄደች። ጉራቻ ሳትደርስ ከባጃጁ ወርዳ በእግሯ በገደሉ በኩል ዞረች። ከበለሱ አጥር ኋላ ስትደርስ ሴቶች ባዶ ጀሪካን ይዘው ሽቅብ ሲወጡ አየች። አንዷ አየቻትና የሆነ ነገር ተናገረች። ሁሉም ወዲያው አቅጣጫቸውን ለውጠው፣ ባዶ ጀሪካናቸውን እያወዛወዙ፣ ውሃ ወደሌለበት ሜዳ ወረዱ። ኑሀ ራቅ እስኪሉ ጠብቃ እነሱ ይሄዱበት በነበረው በኩል ወጣች።

በለሱ መሀል ጠባብ መተላለፊያ አለ። ከመተላለፊያው ማዶ ጥቁር አለት ቆሟል። ከሥሩ የቆርቆሮ ክዳን ተጋድሞ ቅርንጫፍ ተከምሮበታል። ቅርንጫፉን ገፋ አድርጋ ቆርቆሮውን አነሳች። ቀዝቃዛ አየር ፊቷን ነካት። እጇን ሰደደች፤ እስከ ክንዷ ሰጠመ።

ውሃው እንደ እናቷ አነጋገር ጥቁር ነበር። ስትጨልፈው ግን በመዳፏ ላይ ያለውን መስመር ሁሉ ታያለች።

ቦርሳዋን ከፍታ መሣሪያዋን አወጣች። አውራ ጣቷ ቁልፏ ላይ እንዳለ ከኋላዋ ድምፅ ሰማች።

«ተጫኚያታ።»

ዋፊቃ ናት። ሮጣ ነው የመጣችው፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«ተጫኚያት እንጂ። ለሱ አይደል የመጣሽው?»

«ለምን ዋሻችሁኝ?»

«ለምን ተደብቀሽ መጣሽ?»

 ዋፊቃ ቆርቆሮውን ቀስ ብላ መልሳ ከደነችውና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«እህቴ ጋንዳ ሶራ ነው ያገባችው» አለች። «እዚያም ምንጭ ነበራቸው። አንድ ሰው መጣ። ጥናት ነው አለ። የመንደሩን ታሪክ ጠየቀ፤ የአያቶቻችሁን ስም ንገሩኝ አለ። እነሱም ተደስተው በግ አርደው አበሉት። ምንጩን ሲያሳዩት እንዳንቺው ያለች ነገር አውጥቶ ተጫነ። ከዚያ አጥር መጣ። ከዚያ ዘበኛ። ዛሬ እህቴ ውሃ ልትቀዳ እዚህ እኔ ጋ ነው የምትመጣው።»

«እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ዋፊቃ። ታውቂኛለሽ።»

«ሽንኩርት ስትገዢ ነው የማውቅሽ።»

«እናቴ ጀሪካን ተሸክማ በየሰፈሩ እየዞረች ነው። እኛም ተጠምተናል። ከተማው በሙሉ ተጠምቷል።»

ዋፊቃ ተነሳች። «ጀሪካን አምጪና ለእናትሽ ልቅዳልሽ። ወላሂ አሁኑኑ እስከ ኡላ ዲማ እሸከምልሻለሁ። ግን ይሄ ውሃ ከዚህ ቢወሰድ እናትሽ ግቢ የሚደርስ ይመስልሻል? የጋንዳ ሶራው ደረሳት?»

ኑሀ መሣሪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች። «አልተጫንኩም» አለች።

«እኔ በምን አውቃለሁ?» አለች ዋፊቃ።

እውነቷን ነው፤ የሚያሳውቃት ምንም ነገር አልነበረም።

ኑሀ የሰማችውንም ዝም ብላ አላመነችም። አንድ ጊዜ ለዋሸ ሰው ሁለተኛ መዋሸት ምን ይከብደዋል? በማግስቱ ጋንዳ ሶራ ሄደች። መንደሩን ያገኘችው በቆሎ ከሚፈለፍሉ ሴቶች ጠይቃ ነው። ሽቦ አጥር ነበር። ውስጡ ሰማያዊ ጣሪያ ያለው ትልቅ መጋዘን ይታያል። በሩ ላይ አንድ የጭነት መኪና ታሽጎ የተደረደረ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጭኖ ሊወጣ ነው። ዘበኛው ገና ሳትጠጋ፣ «ምን ፈልገሽ ነው?» አለ። ታሪክ ነው የምጠይቀው ስትለው፣ «እዚህ ታሪክ የለም» ብሎ በሩን ዘጋው።

በሩ ላይ የተጻፈው ስም የእንደሻው ድርጅት ስም አልነበረም። ይህ ለአንድ አፍታ አጽናናት። ሚኒባሱ ውስጥ ሆና ስታስበው ግን የእንደሻው ድርጅት ምን እንደሚሠራ እስከዛሬ እንደማታውቅ ተገነዘበች። ልማት ነው ያላት። ምን ዓይነት ልማት?

ረቂቋን ይዛ ፈረስ መጋላ ሄደች። የኡላ ዲማን ምዕራፍ ራሷ ልታነብለት ጀመረች። ሽማግሌዎቹ የተጣሉበትን፣ የመንገድ ሠራተኞቹን፣ የመጀመሪያውን ሻይ ቤት። እንደሻው በአዎንታ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ስልኩን ያይ ነበር። እየሰማት መሆኑን ልታጣራ ብላ፣ በንባቧ መሀል፣ «ኡላ ዲማ የባሕር ወደብ ነበረች» አለች። ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

ማንበቧን አቆመች።

«በጣም ጥሩ ነው» አለ እንደሻው። ወረቀቱን ተቀብሎ ታሪኩን እያለፈ፣ ከተሞቹን እያለፈ፣ ወደ መጨረሻው ገለጠ። «ምንጮቹ የታሉ?»

«መጽሐፉ የትምህርት ቤት አይደል? ምንጮቹ ምን ያህል ያስፈልጋሉ?»

«ለተማሪዎች ውሃ ዋና ነገር ነው፣ መምህርት። ጉራቻ ላይ ምንም አላገኙም?»

ጉራቻን በስሟ ጠራት። ሦስተኛዋ ቦታ ጉራቻ እንድትሆን የወሰነችው ራሷ ኑሀ ናት፤ ለሱ ነግራው አታውቅም።

«አንድ አለ» አለች።  «ለጋ ጎጋ የሚባል ቦታ ላይ። ከመንደሩ በስተምዕራብ ያለው ሸለቆ። ሰዎቹ ይደብቁታል።»

እንደሻው እስክሪብቶ አነሳ። ለጋ ጎጋ ማለት ደረቅ ወንዝ ማለት ነው። ጎረቤቱን ባለ ሱቅ ቢጠይቀው ይነግረው ነበር። እሱ ግን ስሙን ጽፎ ካሰመረበት በኋላ ረቂቁን ጠረጴዛው ዳር ገፋ አደረገና ስለ ኅትመቱ በኋላ እንነጋገራለን አላት።

ብዙ ሳይቆይ ኑሀ እንደልማዷ ሸዋ በር ወረደች። ዋፊቃ ቦታዋ ላይ ናት። ኑሀ ስትጠጋ ሽንኩርቷን በጆንያው ጫፍ ሸፈነችው።

«ማሽኑ መጣልሽ» አለች። «እንኳን ደስ ያለሽ።»

ከጎኗ የተቀመጡት የጉራቻ ሴቶች ሁሉ ፊታቸውን አዞሩ።

«ዋፊቃ፣ ስሚኝ፣ እኔ...»

«ዛሬ የሚሸጥ የለኝም።»

ኑሀ ትምህርት ቤት ደውላ አሞኛል አለችና የመጀመሪያውን ሚኒባስ ተሳፈረች። ለጋ ጎጋ ከሩቅ ይሰማል። የጉድጓድ መቆፈሪያው ማሽን በጭነት መኪና ላይ ቆሞ መሬቱን ይሰረስራል፤ ቀይ አቧራ እንደ ደመና ከሸለቆው ይነሳል። የጉራቻ ሰው ዳገቱ ላይ ተደርድሮ ይመለከታል። የሚስቅም የሚያለቅስም የለም። ኑሀ ስትደርስ ወጣት ወንዶች ከበቧት። የዋፊቃ ባል አብዱልፈታ ቦርሳዋን ነጠቃት።

«ተዋት» አሉ ሐጂ ዓብዱላሂ። ከሰው መሀል በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጡ። «ይሄን ቦታ ማን ነገራቸው?»

«እኔ ነኝ።»

ጉምጉምታ ተነሳ። ሐጂ ምርኩዛቸውን ከፍ ሲያደርጉ ጸጥ አለ።

«እዚህ ውሃ እንደሌለ እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ ነው፣ ሐጂ። መጽሐፍ ነው የምንፈልገው ይሉ ነበር። እውነታቸውን መሆኑን ለማየት ብዬ ነው።»

«አየሽ?»

«አየሁ።»

ሽማግሌው ማሽኑን ተመለከቱ። የሰው ሁሉ ዓይን እሳቸው ላይ ነው። ኑሀ ያመሰግኑኛል ብላ ባትጠብቅም የሆነ ደግ ቃል ከአፋቸው ይወጣል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር።

«አንቺ እነሱ ምን እንደሚፈልጉ አወቅሽ» አሉ። «እነሱ ደግሞ እኛ የምንደብቀው ነገር እንዳለ አወቁ። ሰዎቹ ይደብቁታል ብለሽ ነግረሻቸው የለ?»

ኑሀ ቃል በቃል እንዲያ ነበር ያለችው። እንዲያምናት ብላ የጨመረቻት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ስትናገራት ጎበዝ የሆነች መስሏት ነበር። አሁን ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

«ቦርሳዋን ስጧት» አሉ ሐጂ። «ትሂድ።»

ማሽኑ አቧራ ሲያወጣ ሰንብቶ ተነስቶ ሄደ። በዚያው ሰሞን እንደሻው ደወለ። መምህርት የሚለው ቀርቷል፤ እርስዎ የሚለውም ቀርቷል።

«ዋሽተሽኛል» አላት። «ለምን እንደዋሸሽ አውቃለሁ። አያትሽ እዚያ መሬት ነበራቸው። ውሃውን ለራስሽ ነው የፈለግሽው።»

«ማን ነገረህ?»

«ሁሉም ሰው ያውቃል።» ስልኩን ዘጋው።

ከጉራቻ ሰው አንዱ ለእንደሻው ያወራል ማለት ነው። ወይም ከእናቷ ጎረቤቶች አንዱ። ኑሀ ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህራን ክፍል ውስጥ ስለ ሥራዋ ማውራት ተወች። ሰላምታ የሚያረዝም ሰው ሲገጥማት ምን ፈልጎ ነው ትላለች። ራሷ ላይ ስታየው፣ የጉራቻ ሰዎች ስንት ዓመት እንዲህ እንደኖሩ አሰበች።

መጽሐፉን ግን አልተወችውም። ክረምቱን ቁጭ ብላ ጨረሰችው። ትምህርት ቤቱ በራሱ ማባዣ አተመላት፤ የሽፋኑን ካርታ ራሷ ሣለችው። የመጀመሪያውን ቅጂ ለእናቷ ሰጠች። ጃሚላ መነጽሯን አድርጋ ጉራቻ የሚለውን ገጽ ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ እንደገና አነበበች።

«ቡርቃው የታለ?»

«አልጻፍኩትም።»

«አፈሩ ጥቁር ስለሆነ ነው የሚል ጽፈሻል። ልጄ አፈር የምታስተምር አይደለችም?»

«የመንደሩ ሰዎች እንደሚሉት፣ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

ጃሚላ መጽሐፉን ዘግታ መደቡ ላይ አስቀመጠችውና ጀሪካኗን አንስታ ወጣች። ለብዙ ቀን ከኑሀ ጋር የምትነጋገረው ለግዴታ ብቻ ነበር። ኑሀ አልፈረደችባትም። እናቷ የተጠማችው እውነተኛ ጥማት ነው፤ ለዚያ ጥማት ኑሀ የምትሰጠው መልስ አልነበራትም።

ከዚያ አንድ ቅጂ ይዛ ጉራቻ ሄደች። ዝናቡ አባርቶ አገሩ ሁሉ ለምልሟል፤ የጉራቻ ሽንኩርት ከሌላው የሚለይበት ጊዜ አልነበረም። ሐጂ ዓብዱላሂ በርጫቸው ላይ ነበሩ። ጫት ከፊታቸው ተዘርግቷል፤ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቦታ ሰጧት። አማርኛ ማንበብ የምትችለው ዋፊቃ ነበረችና ተጠርታ መጣች። ኑሀን በዓይኗ ሰላም ብላት መጽሐፉን ተቀበለች።

ዋፊቃ የጉራቻን ገጽ እያነበበች በኦሮምኛ ትተረጉም ጀመር። ስለ መስጊዱ፣ ስለ ዋርካው፣ ስለ መሬት አዋጁና አው ሙሜ ስለሚባሉ የሐረር ሰው፣ አባቶቻቸው ስላረሱት መሬት። ኑሀ የአያቷን ስም አልደበቀችም። ሰዎቹ ሲሰሙት ተያዩ። ዋፊቃ ጨርሳ መጽሐፉን ስትዘጋ ሐጂ፣ «ድገሚው» አሏት። ደገመችው። ሁሉም አንድ ቃል ይጠብቃሉ። ቃሉ አልመጣም።

«ሌላ ገጽ ላይስ?» አሉ ሐጂ።

«ሌላ ገጽ ላይም የለም» አለች ኑሀ።

ሽማግሌው መጽሐፉን ተቀበሉ። ፊደሉን አያውቁትም፤ ካርታዎቹን ግን ገጽ በገጽ እየገለጡ፣ በጣታቸው እየተከተሉ መረመሯቸው። ጋራውን አወቁት። ገደሉን አወቁት። ከመስጊዱ በላይ፣ በለሱ ያለበት ቦታ፣ ወረቀቱ ነጭ ነበር። ጣታቸው እዚያ ቆመ።

«ሌላ ቅጂ አለ?» አሉ። «ለየት ያለ? ለነሱ የሰጠሽው?»

«የለም፣ ሐጂ። ወላሂ።»

ኑሀን ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ ጫት ቆርጠው ሰጧት፤ ለዋፊቃም በምልክት የሆነ ነገር አዘዟት። ዋፊቃ ወጥታ በጣሳ ውሃ ይዛ ተመለሰች። ከየት እንደመጣ ማንም አልተናገረም። ኑሀም አልጠየቀችም። ጠጣችው፤ ጥርስ ያደነዝዛል።

ስትነሳ ሐጂ፣ «አብዱልፈታ ይሸኝሻል» አሉ።

«መንገዱን አውቀዋለሁ፣ አይቸገር።»

«ይሸኝሻል።»

አብዱልፈታ ዳገቱን ከፊቷ ሳይሆን ከኋላዋ እየተከተለ ወረደ። አንድም ጊዜ አላናገራትም። በለሱ በኩል የሚያልፈውን አቋራጭ ስትይዝ ግን፣ «በዚህ በኩል» ብሎ በረጅሙ መንገድ መራት። ኡላ ዲማ ሲደርሱ ሚኒባሱ ገና አልሞላም ነበር። አብዱልፈታ አጠገቡ ካለች ሱቅ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ይመሽብሃል፣ ሂድ ስትለው አንገቱን በእምቢታ ነቀነቀ። እንግዳ አክብሮ ይሁን ወይም ጠባቂ ሆኖ፣ ኑሀ ፊቱን አይታ መለየት አልቻለችም። ረዳቱ በሩን ዘግቶ ሚኒባሱ ሲነሳ በመስኮቱ ዞር ብላ አየችው። ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።